«ሁለት ቺፕ ካለው ለምን ረከሰ?»

ሰሞኑን ከሰሜን ወሎ፣ ከግራና፣ አንድ አያት ደወሉልን። የልጅ ልጃቸው ወልድያ ይማራል፤ አሁን ለእረፍት ቤት ገብቷል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለው። ለእሱ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም አግኝቷል። ካርዱም ያገለገለ ነው፤ ሁለት ቺፕና 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው ተብሏል። ገንዘቡን የምትልከው ሳዑዲ ዓረቢያ የምትሠራ አክስቱ ናት።

አያትየው እንዲህ አሉን፦ «ልጁ ‹አባባ፣ ሁለት ቺፕ ያለው ካንዱ በእጥፍ ይበልጣል› ይለኛል። እኔ የማውቀው በሬ ነው። ጥማድ ካንድ በሬ እንደሚሻል ማንም አይነግረኝም። ግን ጥማዱን ካንዱ በሬ ባነሰ ዋጋ ልሽጥልህ የሚል ሰው ከመጣ፣ መጀመሪያ ጥርሳቸውን ነው የማየው። ይሄ ካርድ ለምን ረከሰ?»

ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነው። ለቸኮለ አንባቢ መልሱን እናስቀድም፦ ለጌም ከሆነ ሁለት ቺፕ ያለውን አሮጌ ካርድ አይግዙ። በዚያው ገንዘብ፣ ምናልባትም ባነሰ፣ ቀረብ ባለ ጊዜ የተሠራ ባለ አንድ ቺፕ ካርድ ይፈልጉ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። ልጁ «አልገባዎትም» ብሎ እንዳይነሳ፣ ቁጭ ብሎም ለመነጋገር፣ ምክንያቱን ማወቁ ይጠቅማል። የውጭ አገር ላብ የወጣበት ገንዘብ ነውና።

ካርዱ ምን ይሠራል?

የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር ብዙ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ግራፊክስ ካርድ ግን አንድ ዓይነት ሥራ በብዙ እጅ የሚሠራ ነው፤ ሥራውም ሥዕል መሣል ነው። ልጁ ስክሪኑ ላይ የሚያያት የምትበር መኪና በእውነት አትንቀሳቀስም። ካርዱ በየሰከንዱ 30፣ 60፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የቆሙ ሥዕሎች እየሣለ ይደረድራል፤ የሚያያይዛቸው የእኛው ዓይን ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን ላይ አንድ ፍሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣቦች አሉት። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እንግዲህ በያንዳንዷ ሰከንድ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣቦችን ቀለም አስልቶ መቀባት ነው።

ይህን የሚሠራው ቺፕ በውስጡ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1060 የተባለው ካርድ ያለው ቺፕ አንድ ነው፤ በቺፑ ውስጥ ግን 1,280 ትናንሽ አስሊዎች አሉ። ስለዚህ ክርክሩ «አንድ ሰው ይሻላል ወይስ ሁለት ሰው?» አይደለም። አንድ ማሳ ላይ በአንድ አለቃ የሚታዘዝ ትልቅ ደቦ ይሻላል ወይስ በሁለት ኮረብታ ላይ ሆኖ እየተጠራራ የሚሠራ ሁለት ደቦ? ጥያቄው ይኸኛው ነው።

ሁለት ምጣድ

ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቺፕ ካርዶች ሥራውን የሚካፈሉት በፍሬም ነው። አንደኛው ቺፕ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን ይሥላል፤ ሌላኛው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን። ሁለት ምጣድ ጥዶ አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ እንጀራ እንደማውጣት ነው። ሲሰሉት በሰዓት የሚወጣው እንጀራ እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ የሚበላሸው ከቡሃቃው ይጀምራል። ሁለቱ ምጣዶች ከአንድ ቡሃቃ አይቀዱም። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ጌሙ የሚፈልገው ሁሉ፣ መንገዱም፣ ቤቱም፣ የሰዉ ልብስም፣ በሁለቱም ሜሞሪ ላይ ተገልብጦ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ሁለት ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ ቢኖርም የሚበላው የአንዱን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤኤምዲ ያወጣው ራዲዮን አር9 295ኤክስ2 ካርቶኑ ላይ 8 ጊጋባይት ይላል፤ ለጌም የሚያገለግለው ግን 4ቱ ነው። ኤንቪዲያ በ2012 ያወጣው ጂቲኤክስ 690 ደግሞ 4 ጊጋባይት ይላል፤ የሚያገለግለው 2ቱ ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሜሞሪው በእርግጥ ካርዱ ላይ አለ። ሻጩ ግን ይህን ሳይነግርዎ «8 ጊጋ ነው» ብሎ ከእውነተኛው 8 ጊጋ ካርድ ጋር ካወዳደረልዎ፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ስም አለው።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ፍሬም ማቅረብ አለበት። ሁለቱ ቺፖች ልካቸውን ካልጠበቁ ግን ሁለት ፍሬም በ5 ሚሊሰከንድ ልዩነት ተከታትሎ ይመጣና፣ ቀጣዩ 28 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ይደርሳል። አማካዩን ቢወስዱት ያው ነው፤ ቆጣሪው 60 ይላል። ዓይን ግን አማካይ አይበላም። ሁለት እንጀራ ባንድ ጊዜ ወጥቶ ቀጣዩ ሲዘገይ ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ተጫዋቹም ሥዕሉ ሲንገጫገጭ ያየዋል። ባለሙያዎች ማይክሮ ስተተር ይሉታል። ለዓመታት ተጫዋቾች ሲያማርሩ «ቆጣሪው እኮ ጥሩ ነው» ነበር መልሱ። ዘ ቴክ ሪፖርት የተባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2011 አማካዩን ትቶ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ መለካት ሲጀምር ነው ነገሩ በቁጥር የታየው። ኤኤምዲም በ2013 ፍሬሞቹን አመጣጥኖ የሚያወጣ ማስተካከያ በሶፍትዌር ለቀቀ። ማስተካከያው ረድቷል፤ ግን መጀመሪያም አንድ ምጣድ ቢሆን ኖሮ ማመጣጠን የሚባል ሥራ አይኖርም ነበር።

ይህም አልበቃ። አዳዲሶቹ ጌሞች አንዱን ፍሬም ሲሥሉ ያለፈውን ፍሬም መልሰው ይመለከታሉ፤ ጠርዙን የሚያለሰልሱት፣ ጥራቱን የሚጨምሩት በዚያ ነው። ሁለተኛው ምጣድ የመጀመሪያው እስኪወጣ መጠበቅ ካለበት፣ ሁለት መጣዱ ማገዶ ከመፍጀት በቀር ምን ይጠቅማል? በእነዚህ ጌሞች ላይ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቺፕ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ልጁ የገዛው ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ ነው፤ የሚጫወተው በአንዱ፣ ያውም ባሮጌው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ፈረንጆቹም በራሳቸው መንገድ ያምኑበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የሚባሉ ሁለት ካርዶችን አገናኝቶ፣ አንዱ የስክሪኑን ጎዶሎ መስመሮች ሌላው ሙሉ መስመሮችን እንዲሥል አደረገ። ለዘመኑ ድንቅ ነበር። በ1999 መጨረሻ ኤቲአይ ሁለት ቺፖችን በአንድ ካርድ ላይ ሰቅሎ ሬጅ ፉሪ ማክስ ብሎ ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ዊንዶውስ 2000 መጣ፤ በዚያ ላይ ከሁለቱ ቺፖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ሆነ። ገዢው ሳያውቀው ግማሽ ካርድ ቤቱ ቀረ። ይህን ታሪክ ልብ ይበሉት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል የእሱ ድግግሞሽ ነው። ስሪዲኤፍኤክስም በ2000 ባለ ሁለት ቺፑን ቩዱ 5 5500 አወጣ፤ ባለ አራት ቺፑ ቩዱ 5 6000 ገበያ ሳይደርስ ቀረ፤ የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ተፎካካሪው ኤንቪዲያ የኩባንያውን አብዛኛውን ንብረት ለመግዛት ተስማማ።

ትልቁ ዘመን ከ2006 እስከ 2016 ያለው ነው። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ በየተራ «የዓለም ፈጣኑ ካርድ» ለማለት ሁለት ቺፕ እያጣመሩ አወጡ። 9800 ጂኤክስ2፣ ጂቲኤክስ 295፣ 590፣ 690፤ በሌላው ወገን 4870 ኤክስ2፣ 5970፣ 6990፣ 7990። በ2014 ኤንቪዲያ ታይታን ዚ የሚባል ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ በ2,999 ዶላር ለገበያ አቀረበ። አንድ ካርድ ነው እንግዲህ፤ ሙሉ ኮምፒውተር አይደለም።

ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። ባለ ሁለት ቺፕ ካርድ ጌሙን ያወቀለት እንደሆነ ነው የሚሠራው፤ ለእያንዳንዱ ጌም ኩባንያው በሶፍትዌር መመሪያ ማዘጋጀት አለበት። የጌም ሠሪዎቹም በሚሊዮን ከሚቆጠር ተጫዋች መካከል ሁለት ቺፕ ላላቸው ጥቂቶች ብለው መድከም አልፈለጉም። ኤንቪዲያ ለቀደሙት ካርዶቹ አዲስ የጥምር መመሪያ ማዘጋጀት ከ2021 መግቢያ ጀምሮ እንደሚያቆም አስታወቀ። ዛሬ በገበያው ላይ ያሉት ኃይለኛ የጌም ካርዶች ሁሉ ባለ አንድ ቺፕ ናቸው። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 አንድ ቺፕ ነው፤ በውስጡ ግን 16,384 አስሊዎች አሉት። ሁለቱ ደቦዎች ወደ አንድ ማሳ ተመልሰው በአንድ አለቃ ሥር ገቡ ማለት ነው።

አሁን የአያትየውን ጥያቄ እንመልስ። ጂቲኤክስ 690 በ2012 ሲወጣ ዋጋው 999 ዶላር ነበር፤ 300 ዋት ይበላ ነበር፤ ለጌም የሚያገለግለው ሜሞሪ 2 ጊጋባይት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ባለ አንድ ቺፕ ጂቲኤክስ 1060 ዋጋው ከ249 ዶላር ይጀምር ነበር፤ 120 ዋት ብቻ ይበላል፤ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። የ690 ሾፌር ሶፍትዌር (ድራይቨር) ለአዳዲስ ጌሞች መታደሱን ያቆመው በ2021 ነው። የኤኤምዲው 295ኤክስ2ም ያው ዕጣ የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። አዲስ ጌም ሲወጣ ለእነዚህ ካርዶች የሚያስብ መሐንዲስ የለም። የረከሱት ለዚህ ነው። የበሬዎቹ ጥርስ አልቋል።

መብራትና ቆጣሪ

ለግራናና ለመርሳ ቤተሰብ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ይመስለኛል፤ የአዲስ አበባ ሻጭ ግን አያነሳውም።

ራዲዮን 295ኤክስ2 ብቻውን እስከ 500 ዋት ይስባል። አምራቹ ራሱ በአየር ብቻ ማቀዝቀዝ ስላልቻለ ውኃ የሚዞርበት ማቀዝቀዣ አድርጎ ነው የሸጠው። ከቀሪው ኮምፒውተር ጋር ልጁ ሲጫወት ጠቅላላው 700 ዋት ገደማ ይደርሳል እንበል። በቀን 3 ሰዓት ቢጫወት በወር 63 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለማነጻጸር፣ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ 18 ሰዓት ሲጋገርበት የሚፈጀው ኃይል ማለት ነው። በመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው ዝቅተኛ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄዱ የአንዱ ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ልጁ አምፖልና ቴሌቪዥን ሳይበራ ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን ጨርሶ ያልፋል።

75 ዋት የሚበላ ባለ አንድ ቺፕ ካርድ ቢሆንስ? ጠቅላላው ኮምፒውተር 200 ዋት ገደማ ነው፤ በዚያው 3 ሰዓት በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት።

ደግሞም አገልግለው ወደ አገር ቤት የሚገቡት የቢሮ ዴስክቶፖች፣ ብዙ ተማሪ ቤት ያሉት ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላያቸው ከ240 እስከ 300 ዋት ነው። 500 ዋት የሚፈልግ ካርድ እዚያ ላይ አይሠራም። ካርዱ ሁለት ባለ 8 እግር የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የቢሮ ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድም የለውም። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሳጥኑም አይዘጋም። ከዚያ ልጁ «አባባ፣ ፓወር ሰፕላይ ጨምሩልኝ» ይላል፣ ቀጥሎ «ሳጥኑ አይበቃም» ይላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይህ ነው።

መብራቱ ሲጠፋና ሲመጣ ያለውንም አይርሱት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያን በያዘባቸው ወራት የሰሜን ወሎ ሰው መብራትም ስልክም አጥቶ ከርሟል፤ ከዚያ ወዲህም መቆራረጡ እንግዳ አይደለም። ዕቃ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ከሚመጣው ንረት ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። 200 ዋት የሚበላውን ኮምፒውተር ልጁ ሥራውን አስቀምጦ በወጉ እስኪዘጋው ይይዝለታል። 700 ዋት ሲጭኑበት ግን መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት እሱም አብሮ ይጠፋል።

ከቆቦ እስከ ግራና የተዘረጋው ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበቅልበት ሞቃት አገር ነው። ለሽንኩርቱ የሚስማማው ሙቀትና አቧራ 500 ዋት ለሚያግል ዕቃ አይስማማም። ሁለት ቺፕ ማለት ደግሞ ሊቃጠል የሚችል ነገር ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ካርዱ በሙሉ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

«ዱዋል» የሚለው ቃል

ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ገበያ ላይ «ዱዋል» የሚል ካርድ ሁሉ ሁለት ቺፕ የለውም። አሱስ የተባለው አምራች «ዱዋል» ብሎ የሚሸጣቸው ካርዶች አሉት፤ ሁለት የሆነው ማራገቢያው ነው እንጂ ቺፑ አንድ ነው። እነዚህ ጥሩ ካርዶች ናቸው፤ ስሙን አይተው አይሽሹ። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ግን ለልጁ ካርድ የሚገዛ ወላጅ ያስታወሰ አይመስለኝም።

ቁጥሩም ያታልላል። ጂቲኤክስ 590 እና 690 ሁለት ቺፕ ነበራቸው፤ ስለዚህ አንዳንድ ልጆች በ90 የሚያልቅ ሁሉ ባለ ሁለት ቺፕ ይመስላቸዋል። አርቲኤክስ 3090 እና 4090 ግን ባለ አንድ ቺፕ ናቸው። አሮጌዎቹን ባለ ሁለት ቺፕ ካርዶች በስማቸው መጨረሻ ላይ ባለው «ኤክስ2» ወይም «ጂኤክስ2» መለየት ይቻላል፤ ያንን ካልያዙት መካከል ደግሞ ብዙዎቹን ከላይ በስም ዘርዝረናል። ጋዜጣውን ቆርጠው ቢያስቀምጡት አይከፋም።

ሌላው «ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ» የሚባለው ነው። ይህ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። አንደኛው ግራፊክስ ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ጽሑፍ ሲጻፍ፣ ፊልም ሲታይ ባትሪ እየቆጠበ ይሠራል። ሁለተኛው የተለየ ቺፕ ነው፤ ጌም ሲከፈት ይነሳል። በተራ የሚሠሩ ናቸው እንጂ ኃይላቸው አይደመርም። ላፕቶፑ ምንም ችግር የለበትም፤ «ሁለት ስላለው እጥፍ ነው» ተብሎ ዋጋ ከተጨመረበት ግን ጭማሪውን አይክፈሉ።

ልጁ ምን አለ?

አያትየውን ይህን ያህል ካወራናቸው በኋላ ስልኩን ለልጁ ሰጡት። ልጁ የሚናቅ አይደለም። «እኔ ለጌም ብቻ አይደለም የፈለግሁት፤ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ስሪዲ ሥዕልም እሠራለሁ። ለዚያ ሁለት ቺፕ ይጠቅማል» አለን።

እውነቱን ነው። ጌም ሥዕሉን አሁን፣ በተራ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይፈልጋል። ለፊልም የሚሆን የስሪዲ ሥዕል ግን አይቸኩልም፤ አንዱ ቺፕ የሥዕሉን አንዱን ክፍል፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ሲሠራ ቢያድር ማንም አይንገጫገጭም። በዚህ ሥራ ሁለት ቺፕ በእርግጥ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ዛሬም ለፊልምና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ የሚያገለግሉ ትላልቅ ማዕከላት ብዙ ቺፖችን አንድ ላይ ያሠራሉ። ነገር ግን ያኛው ባለ 500 ዋት ካርድ ሜሞሪው ለእያንዳንዱ ቺፕ 4 ጊጋባይት እንደሆነ ይቀራል፤ የሥራ ሶፍትዌሮቹም አሮጌ ቺፕን እየተዉ ነው የሚሄዱት። ልጁ የዴስክቶፑን ፓወር ሰፕላይ ከፍቶ እንዲያይ ጠየቅነው። 240 ዋት ይላል አለ። ትንሽ ዝም አለና «እና የትኛውን ልግዛ?» አለ። ከኋላ አያቱ «አብሽር ልጄ፣ ብሩ አልወጣም» ሲሉት ሰማን።

እና የትኛውን?

ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልጉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተሰኩበት ቀዳዳ ብቻ የሚሠሩ ባለ አንድ ቺፕ ካርዶች አሉ። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ለዚህ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም 75 ዋት፣ ሁለቱም 4 ጊጋባይት። ከአንዳንድ አምራቾች የሚመጡ የ1650 ዓይነቶች ግን ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከላይ ጠርዙ ላይ የገመድ ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ። ለጠባብ ሳጥን የተሠሩ አጫጭር ዓይነቶችም አላቸው፤ የልጁ ዴስክቶፕ ቀጭን ከሆነ ይህን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ያ ካርድ ደካማ ነው» ይል ይሆናል ልጁ። ደካማ የሚባለው ከአዳዲሶቹ ጋር ሲወዳደር ነው። ልጆች ዛሬም የሚጫወቱት ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ አምራቹ በደንብ ለመጫወት የመከረው ጂቲኤክስ 660 ባለ 2 ጊጋባይት ካርድ ነው፤ 1050 ቲአይ ከእሱ ይበልጣል። ለኳስ ጌም፣ ለተማሪ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ይበቃል። በጣም አዳዲስና ከባድ ጌም ላይ አይደርስም፤ ይህን ቀድሞ ማወቁ ለልጁም ይጠቅመዋል።

ዋጋውን በብር አንጽፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍነው ዋጋ ጋዜጣው መርሳ ሳይደርስ ሊያረጅ ይችላል። መርካቶና ቦሌ ሁለት ሦስት ሱቅ አስጠይቁ፤ የቴሌግራሙን ዋጋ ከእነሱ ጋር አወዳድሩ። ከሌላው እጅግ የረከሰ ካገኙ አያትየው የጠየቁትን ይጠይቁ።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው፣ እስከ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበር፤ ያ ሲቆም ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች ወደ ገበያ ጎረፉ። የብዙዎቹ ማራገቢያ ደክሟል። ሁለተኛው ሐሰተኛ ካርድ ነው፤ የጥንት ካርድ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ «1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል ይደረጋል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ይጽፈዋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ብዙዎቹን እንዲህ ያሉ ካርዶች ያጋልጣል፤ ከስሙ ጎን ሐሰተኛ መሆኑን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ከግራና ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ካርድ መፈተን አይቻልም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይላክ። ገንዘቡ ለሻጩ በቅድሚያ አይላክ፤ ዘመድየው እጅ ላይ ይሁን። ዘመድየው ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ጂፒዩ-ዚ ተከፍቶ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጌም ሲሠራ ይይ፤ ማራገቢያው እየዞረ መሆኑን፣ ስክሪኑ ላይ የተበታተኑ ነጠብጣቦች አለመኖራቸውን ይመልከት። ድራይቨሩንም እዚያው አውርዶ በፍላሽ ይላክለት፤ ፋይሉ ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን አይንቀውም። ካርዱ በስፖንጅ ተጠቅልሎ በተሳፋሪ እጅ ይምጣ እንጂ አውቶቡስ ጣራ ላይ ከሻንጣ ሥር አይጫን። ሻጩ «ሰክቼ አላሳይም፣ ጊዜ የለኝም» ካለ ዘመድየው ብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ።